የመስታወቱ ሆድ

የካቲት 14 ቀን 2017፣ ዓርብ

ሆዱ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ሆድ ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ፤ በሰነዱ ላይ ያለው ስሙ ረጅም ነው፣ ሳይደናቀፉ የሚጠሩት የምርምር ጣቢያችን ኃላፊ ጋሽ አንዳርጌ ብቻ ናቸው። ግድግዳው ድርብ የሆነ የመስታወት ዕቃ ነው። በድርቡ መካከል እንደ ሰው ገላ የሞቀ ውሃ ይዞራል። ከላይ አሲድና ፔፕሲን፣ ጨጓራ ፕሮቲን የሚፈጭበት ማለት ነው፣ ጠብ ጠብ ይላል። ከታች አንዲት ትንሽ ማግኔት እየተሽከረከረች ታማስላለች። ወተት ሲገባበት እንደ ሕፃን ሆድ መጀመሪያ ያረጋዋል፤ ከዚያ የረጋውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በየመሀሉ እየቀዳሁ ፕሮቲን በሚለይ ስስ ጄል ላይ ሳስኬደው ፕሮቲኑ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ሲፈጭ ይደበዝዛል፣ ተፈጭቶ ሲያልቅ ይጠፋል። የጣቢያችን ላሞች ወተት ዛሬ ጥርግ ብሎ ጠፋልኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጥናቱ የዚህ አገር ወተት ሕፃን ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው። ጋሽ አንዳርጌ ከፋሲካ በኋላ ከላይ ለሚመጡት ያቀርቡታል። ጣቢያው ይቀጥል ወይም ይዘጋ በዚያ ይወሰናል ይባላል።

ከጣቢያው ወተት ጋር የማስተያየውን የሲማዳውን የገበሬ ወተት የሚያመጣልኝ ታናሽ ወንድሜ መልካሙ ነው። ከወገዳ ወዲህ ካሉ ቤቶች እየሰበሰበ ለከተማችን ለአርብ ገበያ ሰው በጀሪካን ያመጣል፤ ለኔ ደግሞ ለቅባት ልኬታ የሚሆን በጠርሙስ ይይዝልኛል። መንገዱ ስለሚርቅ ጠርሙሶቹ ውስጥ የሚጨመር ማቆያ ጠብታ በቡናማ ብልቃጥ ሰጥቼዋለሁ። ለሆዱ የሚሆነው ግን ምንም ያልነካው መሆን ስላለበት ከጀሪካኑ ነው የምቀዳው። ብልቃጡን ስሰጠው ፎርማሊን መሆኑን፣ የጥጃ ጨጓራ በመደርደሪያው ላይ ያቆየንበት ፈሳሽ መሆኑን አሳየሁት። ጨጓራው ሳይበሰብስ እስከ መቼ ይቆያል አለኝ። እኔና አንተ እስክንረሳው ድረስ አልኩት፤ ሳቅን።

ለሰው አፍ እንደማይሆን ነግሬዋለሁ መሰለኝ። ነግሬዋለሁ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጾም ገባ። ሻይ ቤቶቹ ወተት አቁመዋል። የሚገዛው ሕፃን ያለበት ቤትና ለፋሲካ ቅቤ የሚያጠራቅሙ ሴቶች ብቻ ናቸው። መልካሙ በዚህ ጊዜ ፊቱ ይጠቁራል። ጾሙን ከምእመን ሁሉ አብልጦ የሚቆጥረው እሱ ነው ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም።

ታናሽ እህታችን የሻረግ ከነልጇ ከኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሰነባበተች። ባሏ ለሥራ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ፤ እሷም ከታመመች በኋላ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኗ ሰናይት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የምታድገው በመልካሙ ወተት ነው። ከሁላችን መርጣ የኔን አፍንጫ ይዛ መጥታለች፤ አዝንላታለሁ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

መንገዱ ትናንት ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አልጠየቅንም፤ መጠየቅ ከተውን ቆየን። መልካሙ መኪና አጥቶ ወተቱን በበቅሎ ጭኖ ገባ። መንገድ ላይ ረግቶ ጀሪካኑን ነፍቶት ነበር። እንዲህ ሆኖ የመጣ ወተት ለሕፃን አይሆን፣ ትልቁ ሰው ጾመኛ። ለቅቤ የሚያጠራቅሙትም ከራሳቸው ማሰሮ ውጭ የረጋ ወተት አያምኑም። በራችን ላይ ቆሞ ሁሉንም ወደ ቦዩ ገለበጠው። አልተቆጣም፣ አልተራገመም። 

አባታችን የሞተ ጊዜ ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ማቆም ነበረብን። መልካሙ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ በሒሳብ ከኔ ይበልጣል። ሳይነጋገርበት ጠዋት ተነሥቶ በሬዎቹን ነዳ። ይኼን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። ጋውን ለብሼ ቤተ ሙከራ ስገባ አንዳንዴ ጋውኑ የሱ ይመስለኛል።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ገበያው ሞልቷል። መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው፤ የመልካሙ ወተት ግን ደህና ገባ። ከትናንት በስቲያ የታለበው አሁን የታለበ ይመስላል። እንዴት አድርገህ ነው ብዬ ብጠይቀው ጀሪካኑን በወይራ አጥኖ፣ በብርድ ተጉዞ እንደሆነ ነገረኝ። እውነትም ወይራ ወይራ ይላል፤ ሌላ ሽታ የለውም። ሴቶቹ ተሻምተው ገዙት። ጎረቤታችን ዓለምዬ የሰናይት እኩያ የሆነ ማሩ የሚባል ልጅ አላት፤ በኔ ፊት ለሌሎቹ የመልካሙ እጅ የተባረከ ነው እያለች ትናገር ነበር። ኮራሁ።

በፍስክ ቢሆን ገዢው ቀምሶ ነው የሚገዛ። እናትም ለልጇ ከመስጠቷ በፊት በእጇ ጀርባ ጠብ አድርጋ ትልሰዋለች። አሁን ጠብ ያደርጉና ሙቀቱን አይተው በቀሚሳቸው ይጠርጉታል። እኔም እንደነሱ ነኝ። ጋሽ አንዳርጌ ለሥራ ሲባል ኃጢአት የለበትም ቢሉኝም ቤተ ሙከራ ውስጥ በጾም ወተት ምላሴን ነክቶት አያውቅም። አሽትቼ ነው የማልፈው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

የመልካሙ ወተት ሆዱ ውስጥ አልረጋም። ብናኝ ነገር ብቻ። ማግኔቷ ሁለት ሰዓት ዞረች። ጄሉ ላይ መስመሮቹ ሁሉ አሉ፤ እንደገቡ ወጡ።

ፔፕሲኑ አርጅቶ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ሞቆ ይሆናል።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

በዚያው ፔፕሲን የጣቢያውን ላሞች ወተት ሞከርኩ። ረጋ። ተፈጨ።

እንግዲያው መኖው ነው። ሲማዳ ላሞቹ በዚህ ወቅት ጭድ ካገኙም ታድለው ነው። ፕሮቲኑ በመኖ ይለወጣል የሚል ጽሑፍ አንድ ቦታ አንብቤያለሁ። የት እንደሆነ መፈለግ አለብኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሰናይት ስትነጫነጭ አደረች። ሆዷ ተወጥሯል። የሻረግ ጥርስ ልታወጣ ነው ትላለች። ጥርስ ነው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጽፈው።

የሻረግ ከሰናይት የሚተርፈውን ወተት ለፋሲካ ቅቤ እንዲሆን በማሰሮ ታስቀምጥ ነበር። ከሥራ ስመለስ ማሰሮውን በር ላይ አውጥታ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አልረጋም። ከሳምንት በላይ ተቀምጦ አልኮመጠጠም፣ አልሸተተም፣ ሻጋታ እንኳ አልያዘም። ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ማሰሮውን ሳታጥኚ ቀርተሽ ይሆናል አልኳት። ሳላጥን ቀርቼስ ቢሆን መበላሸት አልነበረበትም ወይ አለችኝ። ይቺ ልጅ ትምህርት ብትገፋ ኖሮ ከኔ ትሻል ነበር።

ውሃ መቅጃው ላይ ነገሩ የኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ሰማሁ። የዓለምዬም አልረጋም። ከሷ ወዲያ ያሉትም እንደዚሁ። ዓይን ነው ይላሉ። የማን ዓይን እንደሆነ ስም መጥራት ጀምረዋል፤ የሚጠሩት አምና ተፈናቅላ የመጣችውን ባልቴት ነው። በቤተ ልሔም ድጓ ቤት የተማሩት አባ ይርዳው ሠፈሩን እየዞሩ በማሰሮዎቹ ላይ ጸበል ረጭተዋል። እኛ ቤት ሲደርሱ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ወተት እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል ብለው ጠየቁኝ። ማሰሮው የሚያድርበት ብርድ ሊሆን ይችላል አባቴ አልኳቸው። እሳቸውም ብርድ ነው እያሉ ለሚቀጥለው ቤት ነገሩ። ቢያንስ ባልቴቷን ለጊዜው ትተዋታል። በጎ ሥራ ሠራሁ።

በዚህ ወር ብርድ የለም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ከዛሬ ጀምሮ ለሰናይት ከጣቢያው ላሞች ወተት አመጣለሁ። ጋሽ አንዳርጌ ፈቅደውልኛል። ለየሻረግ ይኼ የተጠና ነው፣ ክብደት ይጨምርላታል አልኳት። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። መልካሙ እዚያው በረንዳ ላይ ጀሪካን እያጠበ ነበር። የኔስ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠየቀኝም።

ጣቢያው ያሉት ጥቂት ላሞች ናቸው። ለሠፈሩ ሁሉ ማምጣት አልችልም። ይኼን የምጽፈው ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ጋሽ አንዳርጌ መጋዘን ገብተው ኖሯል። ፎርማሊኑን ማን እየተጠቀመበት ነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። የጥጃ ጨጓራዎቹን ፈሳሽ ቀየርኩላቸው አልኩ። አፌ ከኔ ቀድሞ ነው የመለሰው። እሺ፣ ቆጥቢው አሉኝ፣ ሄዱ።

እኔ የምይዘው የመጋዘኑ ቁልፍ የሚሰቀለው እኛ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ነው። ሁልጊዜም እዚያው ነው።

ጨጓራዎቹን አየኋቸው። ፈሳሻቸው እንደቆሸሸ ነው። ነገ እቀይረዋለሁ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጋሽ አንዳርጌ ውጤቱን ተመለከቱ። የሲማዳው ወተት በተከታታይ አልተፈጨም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያልረጋ ናሙና ናሙና አይደለምና ከሰንጠረዡ አውጪው አሉኝ። ከላይ የሚመጡት ሰዎች ፊት ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር አልፈልግም አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ጣቢያው ቢዘጋ ስንቱ ሰው እንጀራው እንደሚቋረጥ ያውቃሉ፤ የኔም ጭምር። አወጣሁት። ሰንጠረዡ አማረ።

ማታ መልካሙ እግሩን ታጥቦ ራት እስኪቀርብ ሲጠብቅ፣ ያ የሰጠሁህ ብልቃጥ አልቆ ይሆን ብዬ ጠየቅሁት።

«አለ» አለኝ።

ብልቃጡ እስካሁን ሊቆይ የሚችል አልነበረም።

«ጥሩ» አልኩት፤ ሽሮውን አቀረብኩ። ሁለታችንም በላን። ትንሽ ቆይቼ ሳየው ጎንበስ ብሎ ለሰናይት ጣቱን ያስጨብጣታል። እሷም ይዛ አለቅም ብላ ትታገለዋለች፤ ትግሏ ግን ወዲያው ይደክማል። አጎቷን ስትወደው ለጉድ ነው።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ለዚህ የተሠራ መመርመሪያ አለ። ተማሪ ሳለሁ ሠርቼዋለሁ። ወተቱን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይዞ ሰልፈሪክ አሲድ በጎኑ ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው። ፎርማሊን ካለበት ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ሐምራዊ ቀለበት ይወጣል። ሁሉም ዕቃ በእጄ ነበረ፤ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ በእጄ ነበረ።

ዛሬ ሰው ሲወጣ ሠራሁት።

ቀለበቱ ወጣ።

አሲዱ የቆየ ነው። ብረት ነክቶት ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሙከራ ምንም አይባልም። ቱቦውን ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ዛሬ ረጋ ብዬ አሰብኩበት። በስሜት ሳይሆን በሥርዓቱ።

ወተቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ እንበል። ያ ነገር የሕፃን ሆድ ይጎዳል እንበል። እንደዚያ ከሆነ የመልካሙን ወተት የተወው ልጅ መሻል አለበት፤ እሱኑ የሚጠጣው ልጅ መባስ አለበት። አሁን ያለውን ልይ። ሰናይት ወደ ጣቢያው ወተት ከዞረች ሰነበተች። አልተሻላትም። እንዲያውም ክንዷ ቀጥኗል፣ ጡጦዋን ስትጠባ ታቆምና ታለቅሳለች። የዓለምዬ ማሩ ግን ያው የመልካሙን ወተት እየጠጣ ባለፉት ሳምንታት ጉንጩ ሞላ። ያኔ ከሰናይት ብሶ የነበረው እሱ ነው፤ ዓለምዬ እየመጣች ስታለቅስ የሻረግ ስታባብላት ሰምቻለሁ። ዛሬ በራችን ላይ ቁጭ ብሎ ጭቃ እየበላ አገኘሁት፤ ስነጥቀው በሠፈሩ ሁሉ የሚሰማ ጩኸት ለቀቀ።

ስለዚህ ወተቱ አይደለም። ሁለት ልጅ ትንሽ ነው፣ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያመለክቱት። የሰናይት ሌላ ነገር ነው። ትል ሊሆን ይችላል። ጥርስም ይሆናል።

ይኼን ከጨረስኩ በኋላ ቀለል አለኝ። መልካሙን በሐሳቤ ስለከሰስኩት አፈርኩ። ነገ ጫማ እገዛለታለሁ፤ በሲማዳ ድንጋይ ያለቀውን ጫማ ነው የሚያደርገው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባ ይዘን መጣን። መልካሙ ለሁላችንም የጣት ቀለበት ሠራ። የሰናይት ወለቀ። አጥብቆ ሠራላት፤ እሱም ወለቀ። በሦስተኛው ትቶት ዘንባባውን ራስጌዋ አስቀመጠው።

ዛሬ ሁለት ጊዜ አስመለሳት።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አልኩ። የሻረግ ሕማማት እስኪያልፍ አለች። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

ጠዋት ያስመለሳት ነገር ውስጥ የደም ክር ነበር። አዝለናት ሮጥን። መልካሙ ጀሪካኑን መንገድ ዳር ጥሎ ተከተለን።

ነርሷ ሆዷን በጣቷ ስትነካው ሰናይት አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው ያስደነገጠኝ። ምን ስትጠጣ ነበር ብላ ጠየቀችን። የላም ወተት ነው፣ ከምርምር ጣቢያው፣ ንጹሕ ነው አልኩ። መልካሙ አዎ፣ እሷ ናት ለይታ የምታመጣላት አለ። የሻረግ መሬት መሬት እያየች፣

«እታለም፣ እንዳትቆጭኝ» አለች። «የጣቢያውን እኮ ለማሩ ነው የምሰጠው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ዓለምዬ ልጄ ሊሞትብኝ ነው እያለች ስታለቅስ አሳዘነችኝ። የሰናይትስ አጎቷ ወተት አምጭ፣ ያውም የማይበላሽ፣ ምን ይጎድልባታል ብዬ ነው።»

ነርሷ ከአንዳችን ወደ ሌላችን አየች። መልካሙ የሻረግን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ።

«ለምን ነበር የለየሽላት?» አለ።

 መልሱን ለነርሷ ነገርኳት። ፎርማሊን ነው አልኩ፣ ወተት ማቆያ ብሎ የሚጨምረው፣ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ መሆን አለበት አልኩ። ድምፄ ጄል የማነብ ያህል ቀጥ ያለ ነበር። የሻረግ ቃሉን አታውቀውም፤ ግን ያለሁበትን ትታ ልጇን ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

መልካሙን ውጭ ግንቡ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።  ነግሬህ አልነበረም ወይ አልኩት። ስለ ጠርሙሱ ነገርሽኝ አለ፤ ለጠርሙስ ከሆነ ለጀሪካንም ይሆናል ብዬ፣ ጠብታ ምን ያደርጋል ብዬ አለ። ከዚያ ቀና አለ።

«ብልቃጡ ሲያልቅ ከመጋዘን ሞላሁ። ቁልፉን ስመልሰው አይተሽኛል። ወተቱን የምትመረምሪው አንቺ፣ ሁልጊዜ ከጀሪካኑ የምትቀጂው አንቺ። ክፉ ቢሆን እታለም ትናገረኝ ነበር አልሁ። ዝም ስትይ ፈቀደችልኝ ብየ ነው።»

ቁልፉን ሲመልስ አይቼዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም።

ነርሷ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት አለች። መንገዱ ዝግ ነው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳም ሥዑር

ትናንት ለጋሽ አንዳርጌ ነገርኳቸው። ከስግደት ተጠርተው ነው የመጡት። ከሰንጠረዡ ያወጣነውን አምጪው አሉኝ። አብረን መልሰን ጻፍነው። ከዚያ አባ ይርዳው ዘንድ ሄድን፤ ዛሬ ሌሊት ሠፈሩ ሁሉ ጾሙን የሚገድፈው በዚያ ወተትና በዚያ ቅቤ ነበርና። አባ ይርዳው ለሕዝቡ ተናገሩ። ብርድ ነው እንዳልኳቸው አላነሱም፤ አየት አድርገውኝ ብቻ አለፉ።

ዛሬ ጠዋት ሴቶቹ ማሰሯቸውን እያወጡ ቦዩ ውስጥ ገለበጡ። ለሰባት ሳምንት ያጠራቀሙት ነው። አንዲት ሴት እንኳ አልጮኸችም። ቦዩ እስከ ታች ነጭ ሆነ። ውሻ አሽትቶ ተመለሰ። ባልቴቷም ማሰሮዋን ይዛ መጣች፤ ቦታ ለቀቁላት፤ ማንም ግን ይቅርታ አላላትም።

መልካሙ በገዛ እግሩ ነው ወደ ፖሊስ የሄደው። ተከትዬው ሄድኩ። ከየት አገኘኸው ሲሉት ከጣቢያው መጋዘን ሰረቅሁ አለ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ማን እንደሰጠው አልተናገረም። ፖሊሱ ወደኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ አለኝ።

ከመጋዘን ጎድሏል አልኩ።

ጎድሏል። ውሸት አልተናገርኩም።

ከሠፈሩ ሌሎች አምስት ሕፃናት ጤና ጣቢያ ተወስደዋል። ከመጋቢት 12 በፊት ስንቱ ደህና ነበር? ይኼን ማሰብ አልፈልግም፤ አስባለሁ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

አልገደፍኩም። ማንም አልጠራኝም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

መንገዱ ተከፈተ። ሆስፒታል የሚሄደው መኪና መጀመሪያ ሰናይትን ጫነ። ነርሷ ትደርስ ይሆናል አለች፤ ይሆናል የምትለውን ቃል ቀስ ብላ ነው ያለቻት። እኔም ልብሴን በፌስታል ይዤ ቆሜ ነበር። የሻረግ ከመግባቷ በፊት መጣችልኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር እይዘው ነበር።

ጠርሙሱን ያመጣሽልኝ ቀን ምን ታውቂ ነበር አለችኝ። መጠርጠሬን ነገርኳት። ቀኑንም ነገርኳት።

«አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ኑሮ ለማናቸውም አልሰጥም ነበር» አለችኝ። «ለኔም ለሰውም ልጅ።»

ፌስታሌን ከእጄ ወስዳ መሬት አስቀመጠችው። ገባች። በሩ ተዘጋ። ሰናይት በአንቀልባው ውስጥ ስለነበረች ፊቷን አላየሁትም።

ዓለምዬ ማሩን አዝላ ከሰው መሀል ቆማ ነበር። ልጁ ሲያየኝ ሳቀ፣ እጁን ዘረጋ። ልስመው ስጠጋ ዓለምዬ ወደ ኋላ አለች። ያዳነችው የሻረግ መሆኗን ታውቃለች። ለሰናይት ብቻ የለየሁት የኔ ወተት መሆኑንም ታውቃለች። ሁለቱንም ስለምታውቅ ነው ወደ ኋላ ያለችው።

ከዚያ ቤት አልገባሁም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ ነበር። ምን ፈልገሽ ነው አለኝ። ታስሮ ስላለው ወንድሜ ቃል ልሰጥ ነው፣ ብልቃጡን የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኩት። መርማሪው ለበዓል ወደ ቤቱ ሄዷል አለኝ፤ ነገ በጠዋት ተመለሺ አለኝ።

ስመለስ በቦዩ በኩል አለፍኩ። ወተቱ እስካሁን አልሸተተም።

ነገ እሄዳለሁ። እሄዳለሁ።